የማይሞተው ጭፍራ

ልጄ ከግንባር የተመለሰ ሰሞን የክፍሉን መቀርቀሪያ በብሎን መፍቻ ነቅዬ ጣልኩት። ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን እንዲሆን አልፈለግሁም። ሆቴል አንሶላ ሳጥብ ውዬ ስመለስ፣ ባጃጁ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ልቤ ይመታል። ግቢያችን በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ካላየሁ ነው የምተነፍሰው።

ከመዝመቱ በፊት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማር ነበር። አብራው የተማረች አንዲት ልጅ እግሩ መቁሰሉን ሰምታ ልትጠይቀው መጣችና ሥራ አመጣችለት። ከጓደኞቿ ጋር ፒያሳ ጠባብ ቢሮ ተከራይተው ጌም ይሠራሉ። የጥንት ነገሥታት የሚዋጉበት ጌም ነው፤ የሚጫወተው ሰው ንጉሥ ይሆንና ጭፍሮቹን እያዘዘ ያዋጋል። የልጄ ድርሻ እነዚያን ጭፍሮች መሥራት ነበር፣ እቤቱ ሆኖ።

እኔ ፈራሁ። ከጦርነት የወጣን ልጅ መልሶ ጦርነት ውስጥ መክተት ምን የሚሉት ነገር ነው? ልጅቷን በር ላይ ያዝኳት።

"ልጄ፣ ሌላ ሥራ የለም? ዛፍ ምናምን የሚሳልበት?"

"እናቴ ትሙት እማማ፣ እኔ የሰጠሁት ቤቶቹንና ከብቶቹን ነበር" አለችኝ። "ጭፍሮቹን ራሱ ነው የመረጠው።"

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን እንዳይከፋው ዝም ብዬ አጠገቡ እየተቀመጥኩ ሳይ ሥራው ገባኝ። መጀመሪያ ሰውየውን ይስላል፤ ልብሱን፣ ጦሩን፣ ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻውን። ከዚያ ለጭፍራው ቁጥር ይሰጣል። ጉልበቱ ይህን ያህል፣ ፍጥነቱ ይህን ያህል፣ ወኔው ይህን ያህል። "ወኔው ሲያልቅ ይሸሻል" አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። "ጉልበቱ ሲያልቅ ደግሞ ይሞታል።" ሁለት ጭፍሮች ሜዳ ላይ ያጋጥምና ማን እንደወደቀ ያያል። ቁጥሩን ትንሽ ቀነስ ጨመር ያደርግና እንደገና ያጋጥማቸዋል። እንዲህ ሰው ሲወድቅ እያየ ይውላል። ያቀረብኩለት ምሳ እዚያው ይደርቃል።

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት አለችኝ፤ የእሷም ልጅ ከልጄ ጋር ነበር የዘመተው። አብረው አድገው አብረው ሄዱ። የእኔ መጣ። የእሷ ራሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። ልጄ ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ባየችው ቁጥር ትጠይቀዋለች።

"ወሬ የለም፣ ልጄ?"

"ሌላ ቦታ ተመድቦ ነው እማማ። ስልክ አይሠራም እዚያ።"

"እሱ ቢሠራም አያነሳ! ይምጣ ብቻ፣ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው። ለዘመን መለወጫችን ለፊቼ ከደረሰ ጉዱማሌ አደባባይ ይዞኝ ይሄዳል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።"

እንዲህ ባለችው ቀን ልጄ እስኪመሽ ከኮምፒውተሩ አይነሳም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣች። ሻይ ላፈላ ወጥቼ ስመለስ ክርክር ላይ ናቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ጭፍራ ምን አብልተኸው ነው? ቀስት ዘነበበት፣ ቆመ። ፈረሰኛ ገባበት፣ ቆመ። በስተመጨረሻ ዝሆን ረገጠው፤ አቧራውን አራግፎ ተነሳ! ቢሮው ሁሉ በሳቅ ሞተ።"

"ተዪው።"

"እንዴት ልተወው? የማይሞት ካለ ማን ሌላውን ይመርጣል? ጌሙ አበቃለት ማለት ነው። ጉልበቱን ዝቅ አድርግልኝ።"

"የቀሩትን እንደፈለግሽ አድርጊያቸው። እሱን አትንኪው።"

"ለምን?"

ሻዩን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ኮምፒውተሯ ላይ ጋሻ የያዘውን ሰው ፊት አየሁት። ሰፊ ግንባር፣ የግራ ቅንድቡ በጠባሳ ለሁለት የተከፈለ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ትንሽ ሳለ ከግቢያችን ዘይቱን ዛፍ ወድቆ ነው ቅንድቡ የተሰነጠቀው፤ ደሙን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ያቆምኩለት እኔ ነኝ።

"ልጄ፣ ነገ ተመለሽ" አልኳት። ፊቴን አይታ ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ሲሞት አይተኸዋል?" አልኩት።

"እኔ ነኝ አፈር ያለበስኩት" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"'አንተስ ለምን ተመለስክ?' ብትለኝስ፣ እማ?"

መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ የሚነግረው አይደለም። የእድራችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። "በዓይኑ ያየ አለ?" አሉኝ። ልጄ መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ፊት ለፊት ይቁም። ያላየ ሰው ቢነግራት አታምንም። አንቺ ዛሬ እራት በደንብ አብያት፤ ነገ የሚቀምስ አፍ አይኖራትም።"

ያን ምሽት ቆጮና ጎመን ሠርቼ ጠራኋት። እያጎረስኳት ትስቃለች። "ዛሬ ምን ነክቶሻል? ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ!" አለች። "ልጄ ሲመጣ እንዲህ ወፍሬ ካየኝ አያውቀኝም።" እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጄ ከክፍሉ አልወጣም።

ሊነጋጋ ሲል ግቢው ሞላ። ጎረቤቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ በሯን ስትከፍት አየችን። ዳኛው አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ አላየቻቸውም። ያየችው በዱላ የቆመውን ልጄን ነው።

"አንተ ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አዎ እማማ።"

ጀሪካኑ ወደቀ። ደረቷን እየመታች ወደ እሱ ስትመጣ ሴቶቹ ሊይዟት ሮጡ፤ እሱ ግን "ተዉአት" አለ። ላዩ ላይ ወደቀችበት። የቆሰለው እግሩ አልቻላትም፤ አብረው መሬት ወረዱ።

ድንኳን ተተከለ። ጭር ባለ ሰዓት ልጅቷ መጥታ የሟቹን ፎቶ አየችና ልጄን ወደ ጥግ ወሰደችው። "ጭፍራው እንዳለ ይቆይ፤ ጌሙን ሌላ መላ እንፈልግለታለን" አለችው። "አይ፣ እኔው አስተካክለዋለሁ" አላት።

ጎረቤቴ ግን ልጄን ከአጠገቧ እንዲርቅ አልፈቀደችም። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር "እንዴት ሆነ?" ሲሏት እሷ አትመልስም፤ ወደ እሱ ትዞራለች። "እሱ ያውቃል። ንገራቸው" ትለዋለች። ይነግራቸዋል። የት እንደነበሩ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለው፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንዳስቀመጠው። ሰዎቹ አልቅሰው ይወጣሉ፤ ሌሎች ይገባሉ። "ንገራቸው።" ሰው እየቀነሰ መጣ እንጂ እሷ አልተወችውም። ላስነሳው ብዬ ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ። እየቀጣችው ይሁን እያቀፈችው አላወቅሁም፤ ዛሬም አላወቅሁም።

በኋላም ከሩቅ አገር የመጡ ዘመዶቿ ገቡ። አልቅሰው ሲቀመጡ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

"ንገራቸው።"

ልጄ ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።