ከፈረንጆቹ ጋር የተለቀሰ ለቅሶ

መብራት ጠፍቶ የጎረቤቴ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ የቤንዚኑ ሽታ ሆሳዕና ከተማ ወደተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይወስደኛል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። በጄኔሬተር ፊልም የሚያሳይ መኪና መጣ ተብሎ በጠራራ ፀሐይ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። እኔ በአባቴና በእናቴ መሃል ተቀመጥኩ። አጭር የዘፈን ፊልም ነበር፤ አንድ ዛፍ በሌለበት በረሃ፣ በቀያይ ገደሎች መሃል፣ ፈረንጆች እንደ እኛ አገር አልቃሾች እጃቸውን ወደ ሰማይ እየዘረጉ ይዘፍናሉ።

እናቴ ፊልም አይታ አታውቅም።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አለች በሀዲይኛ። ቀጥላ አባቴን፣ «በረሃ የሚባለው ይሄ ነው? ልጄን የላክኸው እዚህ ነው?» አለችው።

ታላቅ ወንድሜ ለጥጥ ለቀማ አዋሽ ከወረደ ዓመት አልፎት ነበር። እናቴ ለቅሶ አይታ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም። መቀነቷን አጥብቃ ተነሳች፤ ደረቷን እየመታች ከፈረንጆቹ ጋር አለቀሰች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አፍሬ ሳቅሁ።

አንድ አስተማሪ ሊያስቀምጣት ሲመጣ አባቴ እጁን ያዘው። «ይተዉአት፣ ታልቅስ። እኔ መንገሪያ አፍ አጥቻለሁ።»

የምን አፍ እንደሆነ አልገባኝም።

እናቴ ልጇን እንደጠበቀች ሞተች። በኋላ አባቴንም ቀብረን ስንመለስ፣ ኮቱ ገበር ውስጥ የተሰፋ ደብዳቤ አገኘሁ። ፊልሙ ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ ነው፤ ወንድሜ በወባ ሞቶ እዚያው በረሃ መቀበሩን ይናገራል።

ለወንድሜ የተለቀሰለት ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ እኔ ስቄያለሁ።