ሱባዔ ያልነው ጥም

እኛን ያሳሰረን ኖራ ነው። ሌላው ሰው ጽፎ ይታሰራል፣ ተናግሮ ይታሰራል፤ እኛ አስፋልት ላይ ነጭ መስመር አስምረን ታሰርን። ሶዶ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት መለቀቅ አለበት የምንለውን ስፋት በኖራ አሰመርንና በመስመሩ ውስጥ ሄድን። ብስክሌት ያለው በብስክሌት፣ የሌለው በእግሩ፣ አንዲት እናት ደግሞ የልጅ ጋሪ እየገፋች። ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ ዝም ሲሉን እሺ ያሉ መሰለን። ጊዜው ደግሞ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ የሚጠረጠርበት ነበር።

መርማሪው የመስመሩን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ መስመር የት ነው የሚያደርሰው?»

«መናኸሪያ» አልኩት።

«ከጀርባችሁ ማነው ያለው?»

«ባጃጅ። ጥሩምባውን እየነፋ።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም ጌታዬ። የተሰለፍነውም ለዚሁ ነው።»

አልሳቀም። አፌ አንዳንዴ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ እናቴም በዚሁ ስታማርርብኝ ኖራለች። ወደ ክፍሉ የገባሁት ጆሮዬ በጥፊ እየጮኸ ነው።

ክፍሉ እስከ ደረት ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ብርሃኑ ከጣሪያው ሥር ካለች ቀዳዳ የሚገባ ነው። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የእርጥብ ካልሲና የሽንት። ከዚያ ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ። የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ፤ የትም ብገባ በዓይኔ እለካለሁ፣ ክፉ ልማድ ነው። የበሩ ደፍ ጎርፍ እንዳያስገባ ተብሎ ወደ ጉልበት የሚጠጋ ከፍታ ተሰጥቶታል። ከደፉ ወዲያ ግቢው ቀይ ጭቃ ነው። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የፍሳሽ ቦይ አለ። ከቦዩ ማዶ ሽንት ቤቱ፣ እሱም በደረጃ። ወሩ ነሐሴ ስለነበር ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ዝናብ አንድ ቀን አላረፈም።

ከእኔ ቀጥሎ ያስገቡት ጋሼን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የቤሌ ሰው ናቸው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናሉ። የልጅነት ልምሻ ሁለቱንም እግራቸውን ስለያዘው፣ በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ነበራቸው። በዚያ እሁድ ከፊት የሄዱት እሳቸው ናቸው። ብስክሌቱ ኤግዚቢት ነው ተብሎ ግቢው ውስጥ ቆመ። ክራንቻቸውም ዱላ ነው ተብሎ ተወሰደ። ሁለት ፖሊሶች አንዱ በብብታቸው፣ አንዱ በቀበቷቸው ይዘው ደፉን አሻገሯቸውና ወለሉ ላይ አስቀመጧቸው። ጋሼ ከሱሪያቸው የወጣውን ሸሚዝ መልሰው አስገቡ፣ ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፍቶ «ሽንት!» ብሎ ጮኸ። በቀን ሁለቴ ነው የሚወጣው። ሁለት ጎረምሶች ሊሸከሟቸው ጎንበስ ሲሉ ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅር፣ አልፈልግም» አሉ።

ጥግ ላይ ባሊ ነበረ። ባሊ ግን ቆሞ ለሚሸና ሰው ነው።

ምግብ ከየቤታችን ይመጣል፤ የተቀቀለ የቦዬ ሥር፣ ስኳር ድንች፣ ቂጣ፣ የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ዳታ። ጋሼ ትንሽ ቆርሰው ይበላሉ፣ ዳታውን ግን አይነኩም። «ወላይታ ሆኖ ዳታ የማይነካ ሰው እዚህ አየሁ!» ብሎ ካቦው ሳቀ። ካቦ የምንለው የክፍሉን አለቃ ነው፤ የበዴሳ እህል ነጋዴ፣ በጠብ የገባ፣ ድምፁ እንደ ገበያ ቀን የሚጮህ ሰው። ውኃም ሲቀርብላቸው ጋሼ ከንፈራቸውን አርሰው ይመልሳሉ። ፍልሰታ ነበር። በክፍሉ የሚበዛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ሁሉም የመሰለውን ተንሾካሾከ። «ሱባዔ ይዘዋል» ተባለ። በቃ፣ እኔም ብሆን አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ክብሩ ሌላ ሆነ። አዲስ ገቢ በር ሥር፣ ያለ ምንጣፍ ነው የሚተኛው፣ ሥርዓቱ ነው። ካቦው ግን ጋሼን ከበሩ አንስቶ ከራሱ ጎን፣ ደረቁ ቦታ ላይ አደረጋቸው። የምንተኛበት ባዶ ማዳበሪያ ነው፤ አንድ ጨመረላቸው። «ጋሼ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው» አላቸው። «እግዜር ያስብህ» አሉት፣ ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ሌሎቹም ድምፃቸውን ቀነሱ፤ በእሳቸው ፊት የሚሳደብ ሰው ጠፋ።

ነገሩ ያልጣመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኖራውን የሸጠልን የስልጤ ባለሱቅ። አዎ፣ እሱንም አስረውት ነበር፤ ኖራ በመሸጡ! ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ እኛም እንጾማለን። መግሪብ ሲል መጀመሪያ የምንቀምሰው ውኃ ነው። የናንተም ጾም ማታ ይፈታል አይደል? እኚህ ሰው ማታም አልጠጡም። እያየኋቸው ነው።»

ዞሬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደም ረግቶበታል። ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ፣ ውኃ ለምን አይጠጡም?»

«አልጠማኝም።»

«ኧረ ጋሼ! ከንፈርዎ እኮ ደምቷል።»

ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርገው፣ «ጠጥቼ ወዴት ልወጣ?» አሉኝ።

«እኛ እንሸከምዎታለን። ምን ችግር አለው?»

«በኛ አገር ሰው በሰው ትከሻ የሚሄደው ሲታመምና ሲሞት ነው። እኔ አልታመምኩም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሶዶ ላይ ስሠራ እንዴት የኖርኩ ይመስልሃል? ጠዋት ከቤት ስወጣ አልጠጣም። ከተማው ውስጥ እኔ የምገባበት ሽንት ቤት የለም፤ ያለውም ደረጃ አለው። ማታ ቤቴ ስገባ እጠጣለሁ። ለምጄዋለሁ። እዚህ ግን ማታም የለም።»

«ታዲያ ሱባዔ ነው ሲሉ ለምን ዝም አሉ?»

ፈገግ አሉ፤ ከንፈራቸው እንደገና ደማ። «ደስ አለኛ። ዝም ካልኩ ጻድቅ ነኝ፣ ከተናገርኩ ሸክም።»

ስንት አውደ ጥናት ላይ ስለ መንገድ ስፋት ተከራክሬያለሁ፣ ስለ ብስክሌት መስመር ስንት ስላይድ አሳይቻለሁ። ስለዚህ ነገር የነገረኝ የለም። ብሽቅ አልኩ፤ እንባዬም መጣ።

ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ። ዘበኛው መጣ፤ የዲምቱ ሰው ነው፣ ጡረታው የደረሰ ምክትል አሥር አለቃ።

«ብስክሌታቸውን ስጧቸው፤ ሰውዬው ሊሞቱ ነው።»

«ይቺ ኤግዚቢት ናት።»

«ክራንቻቸውንስ?»

«እኔ አልወሰድኩም፣ እኔ አልሰጥም። የሚያዝ ሰው ከበዓል በኋላ ይመጣል።»

ካቦው ጩኸቴን ሰምቶ ነገሩን ጠየቀኝ። ጋሼን በዓይኔ አስፈቀድኳቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ስነግረው ያ ትልቅ ሰውዬ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እኔ በጸሎትዎ ያስቡኝ እላለሁ፣ ለካ ሰውዬው አጠገቤ እየሞቱ ነው!» አለ። ከዚያ የሚተኛበትን ማዳበሪያ ከሥሩ ጎትቶ አወጣ። «ከደፉ ላይ በምን እናውርዳቸው? አንተ ባለሙያ ነህ፣ ተናገር!»

ተናገርኩ። በፀሐይ መሞቂያው ሰዓት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ማዳበሪያ ይዞ ወጣ። ከአጥሩ ሥር ቀዩን አፈር በሳህን፣ በማንኪያ፣ በእጅ እየዛቅን ሞላን። ዘበኛው ሮጦ መጣ።

«ምን ትቆፍራላችሁ? ልታመልጡ?»

«በማንኪያ ቆፍረን የት እንደርሳለን፣ አለቃ? ዲምቱ?» አለው ካቦው።

ዘበኛው ማዳበሪያዎቹን አየ፣ ደፉን አየ። ክፍት በሆነው በር በኩል ውስጥ የተቀመጡትን ጋሼን ትኩር ብሎ አያቸው። ከዚያ መሣሪያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ሄደ። ከልካይ አልመጣብንም።

ማዳበሪያዎቹን ከደፉ ወዲህም ወዲያም ደረደርናቸው፤ ቦዩን ሞላን፤ ግቢውን አቋርጠን እስከ ሽንት ቤቱ ደረጃ አደረስን። ተዳፋቱ ይቀንስ እያልኩ አስፈርሼ ደግሜ አስደረደርኩ። «ኧረ በቃ! ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የምንሠራው?» ብሎ ካቦው ጮኸብኝ። «ቁልቁለቱ ከበዛ በግንባራቸው ይደፋሉ!» ብዬ እኔም ጮህኩበት። ባለሱቁ ከቤቱ የመጣለትን አዲስ ነጠላ ጫማ አውልቆ ጋሼ ፊት አስቀመጠ፤ ለእጃቸው ነው። ጋሼ ጫማውን መዳፋቸው ላይ አጠለቁና ቀና ብለው አዩን።

«ልጆች፣ ዞር በሉልኝ» አሉ።

ዞርን። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ሰማያዊው ግድግዳ አዙረን ቆምን። ግቢ ውስጥ የነበሩትም ወደ አጥሩ ዞሩ። ዘበኛው ምን እንዳደረገ በወቅቱ አላየሁም፤ ካቦው ግን እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ነበር አለኝ። ስለዚህ የሆነውን በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቀው። የጫማው ሶል ማዳበሪያው ላይ ጧ ይላል፤ ቀጥሎ እግራቸው ሲጎተት ሽው ይላል፤ እንደገና ጧ። ደፉ ላይ ቆም አለ። ወረደ፣ ራቀ፣ የሽንት ቤቱ በር ተዘጋ። ብዙ ከቆየ በኋላ ውኃ ሲፈስ ሰማን፤ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ።

«ሃታ» አሉ፣ በቤታቸው ቋንቋ። ውኃ።

ዞርን። ካቦው ጆጉን በሁለት እጁ አቀበላቸው። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ እያለ፣ አገጫቸው እየረጠበ ጠጡ። ጆጉን መልሰው፣ አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ «በሉ አሁን ዳታውን አምጡት፣ የወላይታ ልጅ መሆኔን ላሳያችሁ» አሉ። ሳቅን። ካቦው ግን እየሳቀ ሳለ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

የዚያን ቀን ሁላችንም ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተኛን።

ብዙ አልቆየም። ሌላ ተረኛ መጣና ማዳበሪያዎቹን በሳንጃ ቀደዳቸው፤ አፈሩን ዝናቡ ወሰደው። ጋሼን በፒካፕ ጭነው ወዴት እንደሆነ ሳይነግሩን ወሰዷቸው። እኛ ከተፈታን በኋላ ወንድማቸውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ነጠላውን አዘቅዝቋል። ኩላሊታቸው ነው አለኝ። የታሰሩበት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር አለኝ።

ያ ድምፅ ግን አልተወኝም። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ልጄን አቅፌ፣ ቅዳሴ መሃል፣ ጧ ይላል፤ ከዚያ ሽው። ዘወር ብል ምንም የለም። ባለቤቴ ለምዳዋለች፤ ስቆም እሷም ትቆማለች። ሰው ይረሳል ይላሉ፣ እኔ አልረሳሁም፤ መርሳትም አልፈልግም።

አሁንም የማወጣው ፕላን ነው። ጊዜው ተቀይሮ የእግረኛና የብስክሌት መስመር የሚለው ቃል ባለሥልጣን አፍ ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ ያሳሰረን ስፋት ዛሬ በቀለም ይቀባል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ነዋሪ ተሰብስቦ በሚወያይበት ጊዜ ግን ካርታውን ከመዘርጋቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ወጣቶቹ መሐንዲሶች መጀመሪያ ያበድኩ መስሏቸው ተያይተው ነበር። ባለፈው ስብሰባም ጠየቅኩ፦

«ዛሬ ከቤት ስትወጡ ውኃ ያልጠጣችሁ አላችሁ? ጠምቷችሁ፣ ግን የምገባበት ሽንት ቤት አጣለሁ ብላችሁ?»

አንዱ ሳለ፣ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ክራንቿን ወንበር ላይ ያስደገፈች አንዲት ሴት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ እጇን አወጣች። ጎኗ ያለችው እርጉዝ አየቻትና የራሷን አወጣች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎም በቆሎ እሸት የሚሸጡት ሴቶች። እጆቹ እየበዙ ሄዱ፤ የሚያወርድ ጠፋ።