ምርቃት ብዬ ያነሳሁት

እናቴ ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ ሙዝ ትሸጣለች። እኔም እዚያው ሥሯ ስላደግኩ ይሁን አላውቅም፣ ሳልከራከር ከገዛሁ የተሸወድኩ ይመስለኛል።

አምና ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጋር ለስብሰባ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ልንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከገባን በኋላ ለእናቴ ምንም እንዳልያዝኩ ትዝ አለኝና ዘልዬ ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር አንዲት ሴት ጨሌ እየሠራች ትሸጣለች። ቋንቋ አንግባባም፤ ስልኬ ላይ ቁጥር ጽፌ አሳየኋት፣ አጥፍታ የራሷን ጻፈች። እንደ አገሬ ጥያት ሄድኩ፣ ትጠራኛለች ብዬ። ማን ይጥራኝ! እያፈርኩ ራሴ ተመለስኩ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ያስጮኸዋል፣ ሴቶቹ በመስኮት "ጥለንሽ ልንሄድ ነው!" ይላሉ፣ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። በመጨረሻ ተስማምተን ከፈልኳትና አንድ የአንገት ጨሌ ጠቀለለችልኝ።

"ምርቃትስ?" አልኳት በአማርኛ፣ እየሳቅኩ። እኛ ጋ በገዛሽው ላይ ትንሽ ነገር ሳይጨመርልሽ አትሄጂም። ቃሉ አልገባትም። ትሪው ጠርዝ ላይ በቀጭን ሽቦ የተሠራች ትንሽ አምባር ነበረች፤ ግማሿ ጨሌ፣ ግማሿ ባዶ ሽቦ። ይቺ ምንም አታወጣም ብዬ አነሳኋትና ሮጥኩ። ሴትየዋ እየጮኸች ተከተለችኝ። ሌላ ልትሸጥልኝ መስሎኝ በመስኮት እጄን አውለበለብኩላት።

እናቴ ጨሌውን አንገቷ ላይ አድርጋ ለሙዝ ሻጮቹ ሁሉ አሳየች። ደስታዋን ሳይ አምባሯንም አወጣኋት።

"ይቺ ደግሞ ምርቃት ናት፣ እማዬ።"

"ሰጠችሽ?"

"ራሴ አነሳሁ።"

እናቴ አምባሯን እጇ ላይ ልታስገባ ሞከረች፤ ከሦስት ጣቶቿ አላለፈችም።

"ምርቃት የሚሰጠው ሻጭ ነው፣ ልጄ" አለች ቀስ ብላ። "ይሄ ደግሞ የሕፃን እጅ ልክ ነው። ገና እየሠራችው ነበር። ለልጇ ቢሆንስ?"

ጨሌውን ከአንገቷ አውልቃ ጠቀለለችውና ከሙዙ ቅርጫት ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አድርጋው አላየኋትም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። አምባሯ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ባጃጅ ላይ ለሒሳብ እጄን ስከት ሽቦዋ ይወጋኛል። ቤት ላስቀምጣት አልኩ፣ አልሆነልኝም፤ ልጥላት አልኩ፣ እሱም አልሆነልኝም። እኔ ሌባ አይደለሁም እላለሁ፣ ደግሞ ያቺ ሴት ስትሮጥ ትታየኛለች።

ባለፈው እሁድ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ናይሮቢ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ እየሮጥኩ ደረስኩባት። ቦታውን አስረዳኋት፣ ገንዘብም ጨመርኩበት። አምባሯን በወረቀት ጠቅልላ ያዘችና እስክሪብቶ አወጣች።

"ስሟን ንገሪኝ፣ ልጻፍበት" አለች።

ያን ያህል ጊዜ ስንከራከር አንድም ጊዜ አልጠየቅኋትም።