ይርሳው ያመሰገናት ሴት

አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከጢቾ እስከ ሁሩታ በሜዳም በጋራም ያለህ ሁሉ፣ ነጋሪት ባይጎሰምልህም ጆሮህን ስጥ። የአሰላ መዝገብ ቤት ረዳት ጸሐፊ፣ የአራት ሳጥንና የአንድ ቁልፍ ገዥ፣ የአንድ ብልቃጥ ቀለም ባላባት አቶ ይርሳው የአገሩን ሕዝብ ሊያመሰግን ተነሥቷል። ከምስጋናው የሚያመልጥ የለምና እያንዳንድህ ራስህን ጠብቅ!

ይርሳው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ከሩቅ አይቶ መንገድ መቀየር ይቻላል። እርሱ ግን ደግ ነው። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ባንገቱ እንደሚያንጠለጥል፣ እርሱም ለየነገዱ የተለካ ምስጋና ባፉ ይዞ ይዞራል። ጉራጌው ባለሱቅ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መደርደሪያው ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ይርሳው ቀስቅሶ ስለ ታታሪነቱ ያመሰግነዋል።

የይርሳው አያት ከሸዋ መጥቶ የሰፈረ ነው። እርሱ ራሱ እዚያው አሰላ ተወልዶ፣ የአርሲ ሴቶች በሚያመጡት ወተትና ቅቤ አድጎ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ጎረቤቶቹን እነርሱ ራሳቸውን በማይጠሩበት ስም ይጠራቸዋል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀት ውድ ነው።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አቶ አስናቀ የሚባል ተቆጣጣሪ መጣ። ይርሳው ዘጠኝ ዓመት ረዳት ሆኖ ኖሯል፤ ተቆጣጣሪው አንድ መልካም ቃል ከጻፈለት ዋና መዝገብ ያዥ ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ ነገ ሊታይ፣ ዛሬ ቤቱ ምሳ ጠራው። ሚስቱ በቀለች ዶሮ ሠራች። እንግዳው ወጡን ቀምሶ ስለ ቅቤው ሲጠይቅ፣ የቅቤው ባለቤት ሀሊሜ የሳምንቱን ድርሻ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በሩ ላይ ብቅ አለች። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳትቀር ያመላለሰች ሴት ናት።

ይርሳው ተነሥቶ እጇን ይዞ ወደ ማዕዱ አቀረባት። ያንን የማልጽፈውን ስም ጠራና፣ ይህች ከእነርሱ ናት ብል ማን ያምነኛል አለ። «ፍጹም አትመስልም! ንጹሕ ናት፤ ሚዛን አታጭበረብርም፤ ያሏትን ትሰማለች።»

ሀሊሜ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ታዲያ ምን እመስላለሁ፣ አቶ ይርሳው?»

«ሰው ነዋ!» አለ ይርሳው፣ ኒሻን እንደሚያጠልቅ ሰው ፊቱ በርቶ።

ሀሊሜ ቅቤዋን ከጠረጴዛው አንሥታ ወጣች። ይርሳው ለእንግዳው አስረዳ፤ ምስጋና ስላልለመዱ ያፍራሉ አለ።

በማግሥቱ ማለዳ ሠላሳ ያህል ሴቶች እየዘፈኑ በሩ ላይ ደረሱ። እያንዳንዷ ሲንቄ ይዛለች፤ ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። አንዷ ስትበደል ሁሉም ከብቱንም ልጁንም ጥለው ይወጣሉ፤ በትሩን በበዳዩ ደጅ አጋድመው ካሣ እስኪያገኙ አይነሡም። ያንን በትር የሚሻገር ወንድ አልተፈጠረም፤ ቢፈጠርም ሚስት አያገኝም።

ይህን በከተማው የማያውቅ ሰው አልነበረም። ይርሳውም ያውቃል፤ ግን ሲንቄ ለበዳይ ነው፣ እርሱ ደግሞ ያመሰገነ ሰው ነው። ስለዚህ ሀሊሜ ወሬውን ነግራቸው ለምስጋና የመጡ መሰለውና፣ የበዓል ኮቱን ለብሶ ወጥቶ ንግግር አደረገ። የዋሆች ናችሁ፣ ቂም አታውቁም፣ ከወተት በቀር ነገር የላችሁም አላቸው። ሀሊሜ ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች፤ በየቃሉ ዘፈኑ አንድ እርከን ከፍ ይላል። ይርሳው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

በትሮቹ በሩ ላይ ሲጋደሙ ነው ፊቱ የተለወጠ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ተቆጣጣሪው መዝገብ ቤት ደጃፍ ቆሟል።

በሦስት ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ቱሳ ሊጠራው መጣ፤ በትሩን ሲያይ ጠመንጃውን ይዞ እንደ ግንድ ቀረ። ይርሳው ቁልፉን ልወርውርልህ ቢለው፣ እኔ ምንም አላየሁም ብሎ ዞረ። በአራት ሰዓት ባሎች የሚያለቅስ ሕፃን እየታቀፉ መጡ፤ ላሞቹ ሳይታለቡ ጡታቸው አብጧል፣ ስለ አላህ ብለህ ይቅርታ ጠይቅ እያሉ ለመኑት። ይርሳው በምን ጥፋቴ አለ። ስድብ እንደሆነ አልተናገርሁ! በቀለችም ከጓዳ ሆና፣ አንድ ቀን እንኳ ለአፍህ ቁልፍ ግዛለት አለችው።

ያን ጊዜ ሀሊሜ ወደ በሩ ቀረበች። «አቶ ይርሳው፣ የትናንቱን ምስጋና መልሼልዎታለሁ። ለራስዎ ይበሉትና በትሩ ይነሣል።»

ይህንማ በነፃ አለ በሆዱ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «ይርሳው አማራ ነው ብል ማን ያምነኛል? ፍጹም አይመስልም። ንጹሕ ነው፤ አያጭበረብርም፤ ያሉትን…» እዚህ ላይ ምላሱ ተያዘ። የሞተው አባቱ ትዝ አለው፤ ያ ሽማግሌ ቆሻሻም አጭበርባሪም አልነበረም።

«ይህማ ስድብ ነው» አለ፣ ለራሱ ያህል።

አማርኛ አታውቅም የምትባለው አሮጊቷ ሀጂራ ከመካከል ቀና አለች። «ጎሽ» አለችው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «ገባህ።»

ይርሳው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሀሊሜ፣ አንቺ አርሲ ነሽ፣ በድዬሻለሁ አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ «አርሲ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ አጉረመረመ፤ ግን አወጣት። ለካሣ የይርሳው ጊደር ተጎተተች፤ ቱሳ ዐይኑ በድንገት ተከፍቶለት መጣና ቢስሚላ ብሎ ባርኮ አረዳት። በትሩ ተነሣ፤ ይርሳው ሮጠ።

መዝገቡ ከቃል በላይ የጠራ ነበር። አስናቀ ደስ ብሎት እዚያው ሪፖርቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ጮክ ብሎ አነበበለት። «አቶ ይርሳው የባላገር ጸሐፊ ነው ቢባል ማንም አያምንም፤ ፍጹም አይመስልም። ያሉትን ይሰማል። ዋና መዝገብ ያዥ ቢሆን ይገባዋል።» ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ይርሳው የሹመቱን ደብዳቤ በሁለት እጁ ተቀበለ። አመሰገነም፤ ምን ያድርግ፣ ዘጠኝ ዓመት ነው። ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ደጁ ካለው ሣር ላይ ጥብሷን ወደምትበላዋ ሀሊሜ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ ሲንቄያችሁ አዲስ አበባ ድረስ ይደርስ እንደሆን በጨዋ ደንብ ጠየቃት።

«ለሴት ነው» አለችው፣ አጥንቷን ሳታስቀምጥ።

ደብዳቤው ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ በመስተዋት ተሰቅሏል፤ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ። አንተም አንባቢ፣ መቼም አንባቢ አትመስልም፣ አስተዋይ ነህ፤ ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። አሰላ የደረስህ እንደሆን፣ ይርሳውን በመንገድ ያገኘኸው እንደሆን፣ አደራህን፣ ስለ ሹመቱ መልካም ቃል ልትናገረው አፍህን ከመክፈትህ በፊት መጀመሪያ ለራስህ በለው።