ወደ በሩ የሚዞሩ ተማሪዎች

መምህርቷ የባህል ጭፈራ ታስተምራለች፤ እሷ ግን አትጨፍርም። ግራጫ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ታብሌት ታድላለች። ታብሌቱ ላይ ባለው ዲጂታል መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ወጣት ትጨፍራለች፤ ተማሪዎቹ እሷን እያዩ ይከተላሉ።

ጭፈራው መሃል ላይ ወጣቷ ድንገት ወደ ግራ ዞራ ፈገግ ትላለች። ተማሪዎቹም እኩል ዞረው ፈገግ ይላሉ። በግራ በኩል ያለው የክፍሉ በር ብቻ ነው።

"ቲቸር፣ በሩ ላይ ማን አለና ነው የምንስቀው?" አለ አንዱ።

"አማትህ ናታ!" አለች ከኋላው ያለችው። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህርቷ አልሳቀችም።

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ነበር። "እትዬ፣ ይቺ መዞር ስህተት ናት፤ በአዲሱ እትም ተቆርጣ ወጥታለች። ታብሌቶቹን ከኢንተርኔት ያገናኟቸው፣ መጽሐፉ በራሱ ይታደሳል ብዬ ስንቴ ልንገርዎት?"

"ኔትወርክ የለም፣ ወንድሜ።"

ትምህርቷን ልከታተል የመጣሁ ተለማማጅ መምህር ነኝ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን አየሁ። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር።

"እንግዲያው ነገ መጥቼ ራሴ አድሳቸዋለሁ" ብሎ ወጣ።

መጽሐፉ ውስጥ የምትጨፍረው ወጣት ማን እንደሆነች መምህርቷን ጠየቅኳት።

"ልጄ ናት" አለች፣ ድምጿን ሳትለውጥ። "ሲቀርጿት ውሃ ይዤላት ስገባ አይታኝ ነው የዞረችው። ከዚያ በኋላ ዓመትም አልቆየችልኝ።"

ተማሪዎቹን "ከመጀመሪያው!" ብላ አዘዘችና ወጥታ በሩን ዘጋች። ጭፈራው መሃል ሲደርስ ተመልሳ ገባች። ባዶ እጇን ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ዘርግታለች።

"መጣሁ፣ እናትዬ" አለች።

ክፍሉ ሙሉ ዞሮ ፈገግ አለላት። በሁሉም ፊት ላይ ያው አንድ ፈገግታ ነበር።