ሻንጣ ውስጥ የተቆለፈ ሽጉጥ

ሰዎች ለሳምንታት ሲከራከሩ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ በጥሞና አዳምጣችሁ፣ በመጨረሻ ጥያቄው ራሱ የማይረባ መሆኑን የተረዳችሁበት ጊዜ አለ? እኔ ደርሶብኛል። ለመረዳት ስድስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። የምኖረው ኦክላንድ አጠገብ፣ ሳን ሊያንድሮ፣ አጎቴና ባለቤታቸው ቤት ነው። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። ኦክላንድ ውስጥ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አጎቴ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ የጠዋት ሺፍት ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ኦክላንድ ገበያ ውለው መኪናቸውን ሲከፍቱ ሁለት ወጣቶች ቦርሳቸውን ነጥቀዋቸው ሮጡ። አልመቷቸውም፤ ክፉ ቃል እንኳ አልተናገሯቸውም። ቦርሳው ውስጥ ግን አድራሻቸው የተጻፈበት መንጃ ፈቃድና የቤታቸው ቁልፍ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ሌላ ሰው ሆኑ። በሩ ትይዩ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር ይነሳሉ። “ቤቴን ያውቁታል” ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። ሌሊቱን ሲጠብቁ ስለሚያድሩ ጠዋት መነሳት አቃታቸው። የመጋዘኑ አለቃ መጀመሪያ ታገሣቸው፤ ኋላ ግን በሁለት ወር ውስጥ ካልተመለሱ ቦታቸውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ደውሎ ነገራቸው። አጎቴም መፍትሔ ያሉትን አደረጉ። ሕጉ የሚጠይቀውን ፈተና ተፈትነው፣ ጠብቁ የተባሉትን ቀናት ጠብቀው፣ መዳፍ የምታህል፣ ትንሽ ጥይት የምትተኩስ ሃያ ሁለት ካሊበር ሽጉጥ ገዝተው መጡ።

ክርክሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። አንዱ ሳን ሆዜ ይኖራል፤ ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ሲሆን ስለ መሣሪያ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቪዲዮ በማየት ነው። ሌላው የካስትሮ ቫሊው ነው። አገር ቤት ወታደር ነበር፤ እትዬ እንደነገሩኝ ግን አገልግሎቱን የጨረሰው ግምጃ ቤት ውስጥ ጫማ ሲያድል ነው።

የሳን ሆዜው ሽጉጧን አይቶ ሳቀ። ሃያ ሁለት የእርግብ መምቻ ነው አለ። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሌባ ቢመታበት ትንኝ የነከሰው ይመስለዋል፤ ሰው የሚያቆመው ትልቁ፣ ዘጠኝ ሚሊ ሽጉጥ ብቻ ነው። የካስትሮ ቫሊው ትንሿ ስትተኮስ ወደ ኋላ ገፍታ እጅ አትመታም፣ ስለዚህ አትስትም አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ “ደግሞስ አፈሙዝ የዞረበት ሌባ ስንት ቁጥር ነው ብሎ ይጠይቃል?” አለ። ይህን አባባሉን ስለወደደው በየሳምንቱ ደገመው። ሁለቱም በሕይወታቸው ሽጉጥ ተኩሰው አያውቁም። ይህን ያወቅሁት ስለጠየቅኋቸው ነው፤ ሁለቱም ጥያቄው አግባብ እንዳልሆነ ነግረውኛል።

እኔም ዝም አላልኩም። ወረቀት አምጥቼ የጥይት ክብደትና ፍጥነት ምን እንደሚሠሩ ሥዬ አስረዳኋቸው። በእኔ አረዳድ ትልቁ ጥይት ሰውን በማቆም ይበልጣል፤ ትንሿ ለመያዝና ለማነጣጠር ትቀላለች። ሁለቱም ግን የሚጠቅሙት መጀመሪያ እጅ ላይ ከደረሱ፣ ቀጥሎ ዒላማውን ካገኙ ነው። የሳን ሆዜው ወረቀቴ ላይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

አጎቴ በዚህ ሁሉ መሐል አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ያያሉ። ሲሸኟቸው ሐኪም ፊት እንደቆመ ሰው፣ “እንግዲህ ልቀይረው?” ብለው ይጠይቃሉ። ያን ቀን ዘጠኝ ሚሊ ካሸነፈ እንቅልፍ የለም። ሃያ ሁለት ካሸነፈችም እንቅልፍ የለም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ አለና።

በስድስተኛው ቅዳሜ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱ ወር አልቋል፤ ሰኞ ሥራ ካልገቡ ሥራው የለም። “እስቲ አንቺ ንገሪኝ” አሉ። “ይበቃል ወይስ አይበቃም? አስተማሪ አይደለሽም?”

እንለካው አልኩ። ተማሪዎቼ ላይ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ክርክር ሲበዛ ሰዓት አወጣለሁ። የሳን ሆዜው ሌባ ይሆናል፤ ከመኪና ማቆሚያው ተነስቶ እስከ መኝታ ቤቱ ይመጣል። አጎቴ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ በሩ ሲከፈት ተነስተው መሣሪያውን ያነሳሉ። እኔ በስልኬ እቆጥራለሁ። አደጋ እንዳይኖር በሽጉጡ ቦታ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እናድርግ አልኩና ሽጉጡ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅሁ።

ወንዶቹ ተያዩ። እትዬ ከማድ ቤት ሆነው፣ “ሻንጣው ውስጥ ነዋ” አሉ።

ይህን ሻንጣ ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ቤት አለ። ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የዜግነት ወረቀት፣ የእትዬ ወርቅ፣ የቆየ የሳንባ ራጅ ሳይቀር እዚያ ነው። በትንሽ ጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፉ እትዬ ቦርሳ ውስጥ፣ ዚፕ ባለው ኪስ ይኖራል። እትዬም ቦርሳቸውን ይዘው ሥራ ይሄዳሉ።

“ጥይቱስ?” አልኩ።

“ኩኪስ ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከመርፌና ከክሩ ጋር። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ እኔ እዚህ ቤት አልተኛም” አሉ እትዬ።

ሽጉጡን አውጥተው ሪሞቱን አስገቡና መልሰው ቆለፉ። የሳን ሆዜው ሊወጣ ሲል በሩን እንዴት ልክፈት አለ። እነሱ እንደሚከፍቱት ክፈት አልኩት። አጎቴ ከመሳቢያ ቁልፍ አውጥተው ሰጡት። “እንካ፤ እነሱም ያላቸው ይኼው ነው” አሉ። ሁላችንም ሰማን። እኔም ስልኬ ላይ ሰዓቱን አስጀመርኩ።

ሌባው መኝታ ቤቱ በር ላይ ለመድረስ አርባ አንድ ሰከንድ ፈጀበት፤ ያውም ጫማውን አውልቆ። አጎቴ በዚያን ሰዓት ገና ወንበር ፍለጋ ላይ ነበሩ። ወንበሩ ላይ ወጡ፣ ሻንጣውን አወረዱ፣ እትዬን ተጣሩ፣ እትዬ እጃቸውን አድርቀው ቦርሳቸውን ፈለጉ። ሌባው ጠረጴዛው ላይ ካለው ሙዝ ሁለት በላ። ሪሞቱ ከራጁ ሥር ሲወጣ አራት ደቂቃ ከሃያ ሆኖ ነበር። ጥይት ያለበትን ቆርቆሮ ገና አልነካነውም። የካስትሮ ቫሊው፣ “ዋናው ነገር መረጋጋት ነው” አለ።

ውጤቱን ደብተሬ ላይ ሞላሁ። ሌባው የተነሳበት፣ የደረሰበት፣ የፈጀው ጊዜ። “የገባበት መንገድ” የሚለው ላይ “በቁልፍ” ብዬ ጻፍኩና ወደ አጎቴ ዞርኩ።

“ጋሼ፣ የበሩ ቁልፍ አልተቀየረም እንዴ?”

የመለሱት እትዬ ናቸው። አከራዩ ካልፈቀደ ቁልፍ አይቀየርም፤ አከራዩ ከመጣ ደግሞ እኔን፣ እነሱ ጋር የተጠጋሁትን፣ ያየኛል፤ ኪራይ ውሉ ላይ ስሜ የለም። “አንቺን የት ልናደርግሽ ነው?” አሉ። አጎቴ ሌሊቱን ሙሉ በር ይጠብቁ የነበረው ይህን በሆዳቸው ይዘው ነው። ስድስት ቅዳሜ አራት አዋቂ ሰዎች፣ አንዷ ዲግሪ ያላት፣ ስለ ጥይት ስፋት ስንከራከር የሚሠራ ቁልፍ በሌቦቹ ኪስ ውስጥ ነበር።

የሳን ሆዜው ጉሮሮውን ጠረገ። “ያም ሆኖ ዘጠኝ ሚሊ ቢሆን ኖሮ…”

እትዬ አላስጨረሱትም። “አንተ ካቻቢቴ መያዝ ትችላለህ?”

ለአከራዩ እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ቀይሩት፣ ለእኔ አንድ ትርፍ ቁልፍ ስጡኝ አለ፤ ስለ እኔም የሚሞላ ወረቀት እልካለሁ አለ፤ በቃ። ሰፈር ካለው የሕንፃ ዕቃ መደብር አዲስ የበር ቁልፍ ገዛሁ። በሩ ላይ የገጠሙት እትዬ ናቸው፤ የሳን ሆዜው ካቻቢቴ አቀበለ፣ ያውም ሁለት ጊዜ የማይሆነውን። አጎቴ አሮጌውን ቁልፍ አዲሱ ላይ ከተው ለማዞር ሞከሩ። አልዞረም። አውጥተው እንደገና ከተቱ። ብዙ ጊዜ እንዲህ አደረጉ፤ ማናችንም ይበቃል አላልናቸውም። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል፣ መኪናቸውም የለም።

ሽጉጡ ዛሬም ሻንጣው ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎችም ዛሬም ይከራከራሉ፤ ቅዳሜ ደብተር አርማለሁ ብዬ ክፍሌ እገባለሁ።

እናንተም ቤት ሃያ ሁለት ይበቃል አይበቃም የሚል ክርክር ካለ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። መሣሪያውን ራሱን አትንኩ፤ ሪሞት በቂ ነው። ሪሞቱን ሽጉጡ በሚቀመጥበት ቦታ ቆልፉበት፣ አንድ ሰው ወደ ውጭ ላኩ፣ ሰዓት ያዙ። እሱን ከመላካችሁ በፊት ግን በምን እንደሚገባ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም አዳምጡት።