በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለችው ማሰሮ

ሚኒባሱ ዋጃ ከተማ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ከቆመ ሰዓት ሞላው። ቃሪያ ነጋዴዋ ለተ ብርሃን ግን ሙቀቱን ረስታ አጠገቧ የተቀመጠችውን ተማሪ ትመለከታለች። ልጅቱ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ፣ ጭኗ ላይ ላለች በእርጥብ ጆንያ ለተጠቀለለች ትንሽ ማሰሮ ጥላ አድርጋላታለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ከያዘችው ሃይላንድ ግን አንድ ጉንጭ ሳትቀምስ ውሃውን ጆንያው ላይ ታፈሳለች።

ለተ ብርሃን አማተበችና፣ «የየት ጠበል ነው፣ የኔ ልጅ?» አለቻት።

ልጅቱ ፈገግ አለች። «የክፍል ልጆችም ጠበል ነው የሚመስላቸው፤ እኔም አልነገርኳቸውም» ብላ ክዳኑን ገለጥ አደረገችው። እርጥብ አሸዋ መሐል አንዲት ብልቃጥ ተቀምጣለች። «የስኳር መድኃኒቴ ነው፣ እትዬ። ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፤ እኛ ቤት ደግሞ ፍሪጅ የለም። ጆንያው እስከረጠበ ድረስ ግን ማሰሮዋ ታቀዘቅዝልኛለች።»

«ማን አበጀልሽ?»

«ሸክላው የእናቴ፣ ዘዴው የኔ። ይቺ አራተኛዬ ናት። አንዷ አሸዋ አፈሰሰች፣ አንዷ ከብዳ ትከሻዬን ላጠችው፣ አንዷ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ አልገባም አለች።» ስለ ማሰሮዋ ስትናገር ድምጿ ኩራት ኩራት ይላል።

ሃይላንዱን ብትገለብጠው አንዲት ጠብታ ብቻ ወረደች። ሾፌሩ አሁንም አልመጣም፤ የጆንያው ጠርዝ መድረቅ ጀምሯል።

ለተ ብርሃን ለሚያማት ጉልበቷ ከሩቅ ገዳም ያስመጣችውን ጠበል ከዘንቢሏ አወጣች። መሬት እንዳይነካባት የምትሳሳለት ጠበል ነው። አማትባ ከፈተችና ጥርግ አድርጋ ጆንያው ላይ አንቆረቆረችው።

«ጉልበቴ እንደሆነ መታገሥ ለምዷል» አለች።